ማልዲቭስን ማን አስወደዳት?

በየካቲት 1972 ሃያ የሚሆኑ ጣሊያኖችን የያዘ የኤር ሲሎን አውሮፕላን በሕንድ ውቅያኖስ መካከል፣ ሁሉሌ በምትባል ቀጭን ደሴት ላይ አረፈ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከማረፊያው ሜዳ በቀር ኤርፖርት የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ባንክ የለም። ስልክ የለም። አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኛት ሬዲዮና ወደ ኮሎምቦ የሚመላለስ መርከብ ብቻ ነበር። ሆቴል የሚባል ነገር ስላልነበረም እንግዶቹ በጀልባ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ማሌ ተሻግረው፣ ለእነሱ ተብለው በተሰናዱ ሦስት መኖሪያ ቤቶች ተደለደሉ።

ዛሬ ማልዲቭስ ሲባል በብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ባሕር ላይ የተተከለ ጎጆ፣ የጫጉላ ሽርሽር ላይ ያሉ ሙሽሮችና ለአንድ ሌሊት የሚከፈል የብዙ ወር ደመወዝ ነው። የአገሪቱ ቱሪዝም የተጀመረው ግን በቡድን መጥቶ በሰው ቤት ባደረ እንግዳ ነው። ውድነቱ ከዚያ በኋላ በሕግ የመጣ ነው፤ ኪሱ ቀለል ላለ መንገደኛ በሩ እንደገና የተከፈተውም በሕግ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ እስር ቤት አለ።

ጣሊያኖቹን ያመጣው ጆርጅ ኮርቢን የተባለ አስጎብኚ ነው። ቱሪስት ያልደረሰበት ደሴት ፍለጋ ስሪላንካን ሲያስስ፣ ኮሎምቦ በሚገኘው የማልዲቭስ ኤምባሲ ተራ ሠራተኛ ከነበረ አሕመድ ናሲም ከተባለ ወጣት ጋር ተገናኘ። ናሲም ስለ አገሩ ሲያወራለት ኮርቢን ልቡ ተነሣ። መደበኛ በረራ ስላልነበረ በጭነት መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። ማሌ ላይ ናሲም ከሁለት ጓደኞቹ፣ ከመሐመድ ዑመር ማኒኩና ከሑሴን አፊፍ ጋር አስተዋወቀው፤ እነሱም ደሴት ለደሴት እያዞሩ አሳዩት። ኮርቢን ያየውን ወደደ፤ ሰው ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፣ ቃሉንም ጠበቀ። ያ የኤምባሲ ሠራተኛ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል፤ ሁለቱ ጓደኞቹም ከአገሪቱ ታላላቅ የሪዞርት ባለቤቶች መካከል ሊቆጠሩ በቁ።

ይህ ሁሉ የሆነው ባለሙያዎች አይሆንም ካሉ በኋላ ነው። በ1960ዎቹ የመጣ የተባበሩት መንግሥታት ልዑክ መንገዱን፣ ወደቡን፣ መብራቱን አይቶ ማልዲቭስ ለቱሪዝም አትበቃም የሚል ሐሳብ ማቅረቡን ማልዲቭሳውያን እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወራሉ። ልዑኩ ያየው ነገር ውሸት አልነበረም። አገሪቱ ወደ 1,200 የሚጠጉ የኮራል ደሴቶች ስብስብ ናት፤ ሰው የሚኖረው ከ200 ባነሱት ላይ ሲሆን የብሱ በሙሉ ቢደመር 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ልዑኩ ያልገመተው፣ የአውሮፓ ሰው ለዚህ ባዶነት ገንዘብ ሊከፍል መቻሉን ነው።

ኮርቢን የሚለው ስም ማልዲቭስ ሲደርስ የመጀመሪያው አልነበረም። በሐምሌ 1602 "ኮርቢን" የምትባል የፈረንሳይ መርከብ ከነዚሁ ደሴቶች በአንዱ የኮራል አለት ላይ ተሰባብራ ነበር። ከተረፉት መንገደኞች አንዱ ፍራንሷ ፒራር የአገሩን ቋንቋ ተምሮ በሱልጣኑ ግዛት አምስት ዓመት ያህል እንደ እስረኛም እንደ እንግዳም ኖረ። በ1607 ከቤንጋል የመጡ ወራሪዎች ሱልጣኑን ገድለው ማሌን ሲዘርፉ ከደሴቶቹ የሚወጣበት ዕድል አገኘ፤ ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አስፍሯል። በሁለቱ ኮርቢኖች መካከል ከስም መገጣጠም በቀር ዝምድና የለም፤ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጠቅሱ ማለፍ ይከብዳል።

ከፒራርም በፊት፣ በ1343፣ የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባቱታ ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበረችው ንግሥት ኸዲጃ ናት። ሰዎቹ የተማረ ሰው አገኘን ብለው ቃዲ አድርገው ሾሙት። እሱ የጻፈው ለታሪክ ተማሪ ወርቅ ነው፦ ደርቆ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቻይናና ወደ የመን ስለሚላከው ዓሣ፣ ከኮኮናት ልጥ ስለሚፈተለው የመርከብ ገመድ፣ በእኛ ዘንድ ጌጥና የጠንቋይ ዕቃ የሆነው ዛጎል እዚያ ከባሕር እየተለቀመ እንደ ገንዘብ ስለመመንዘሩ። አዲሱ ቃዲ የደሴቶቹ ሴቶች ከወገባቸው በላይ ሳይሸፈኑ መሄዳቸው አልጣመውም። ልብስ ልበሱ ብሎ ደነገገ፤ የሰማው የለም። የቻለው ለክስ ፊቱ የምትቀርብ ሴት ተሸፍና እንድትገባ ማድረግን ብቻ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የአለባበስ ጥያቄ በነዚሁ ዳርቻዎች ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህኛው ዙር ተሸፈኑ የሚባሉት እንግዶቹ ናቸው።

ወደ 1972 እንመለስ። የጣሊያኖቹ ጉብኝት ሰምሮ ስለነበር ማኒኩና ጓደኞቹ ጊዜ አላጠፉም። በዚያው ዓመት ጥቅምት 3 ቀን ከኤርፖርቱ አቅራቢያ በምትገኝ ሰው አልባ ደሴት ላይ ኩሩምባ የተባለውን የመጀመሪያ ሪዞርት ከፈቱ፦ ሠላሳ ክፍሎች፣ ግድግዳቸው የኮራል ድንጋይ፣ ጣራቸው የዘንባባ ቅጠል። ባንዶስ የተባለው ሁለተኛውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት የመጣው እንግዳ ቁጥር አንድ ሺህ ገደማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዐሥር ዓመት በሁለት መንገድ የተጓዘ ነው። አንዱ የሪዞርቱ ነው። ሌላው ጀርባው ላይ ቦርሳ አንግቶ የሚመጣው፣ ከዓሣ አጥማጅ ጋር ተዋውሎ ወደ ሩቅ ደሴት የሚሻገረውና በነዋሪ ቤት አልጋ የሚከራየው ወጣት ነው። ከነዚህ ሁሉ ቶኒ ሂንዴን የሚያህል የለም። አውስትራሊያዊው የማዕበል ቀዛፊ በ1973 ከስሪላንካ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ የነበረበት ጀልባ ከማሌ በስተሰሜን አለት ላይ ወጣ። ሂንዴ ባሕሩን ሲያይ መሄድ አልፈለገም። ሰለመ፣ ሑሴን ተባለ፣ የአገሩን ልጅ አገባ፣ ያገኛቸውንም ማዕበሎች ለብዙ ዓመታት ከጥቂት ወዳጆቹ በቀር ለማንም አልተናገረም። በኋላ ግን ቀዛፊዎችን በቡድን የሚያመጣ ድርጅት አቋቁሞ የምስጢሩ ሻጭ ራሱ ሆነ። በ2008 የሞተውም በዚያው በሚወደው ማዕበል ላይ ነው።

የሪዞርቱ መንገድ አሸነፈ። በ1979 በወጣው ሕግ መንግሥት ሰው የማይኖርባቸውን ደሴቶች ለሪዞርት ማከራየት ጀመረ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ የውጭ እንግዳ ማሳደር ተከለከለ። ከማሌና ከሪዞርቶች ውጪ ወዳሉ ደሴቶች መሄድ የፈለገ ቱሪስት የሚጋብዘው ሰው ፈልጎ የፈቃድ ወረቀት ማውጣት ነበረበት። "አንድ ደሴት፣ አንድ ሪዞርት" የሚለው መርሕ የተተከለው እንዲህ ነው።

የዋጋው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ደሴት ላይ አንድ ሪዞርት ብቻ ሲኖር ያ ሪዞርት ብቻውን አነስተኛ ከተማ መሆን አለበት። መብራቱን የሚያመነጨው በራሱ ጄኔሬተር ነው፤ ጨዋማ ውሃ የሚያጣራበት መሣሪያ፣ ፍሳሽ የሚያስወግድበት መስመር፣ ለመቶዎች ሠራተኞች መኝታ፣ እንግዳ የሚያመላልስ ጀልባ ሁሉ ከራሱ ኪስ ነው። ከዓሣና ከኮኮናት በቀር ሰሐን ላይ የሚቀርበው አብዛኛው ነገር በመርከብ ወይም በአውሮፕላን የገባ ነው። ይህ ሁሉ ወጪ በአንድ አልጋ ዋጋ ላይ ይከመራል። እንግዳውም ውድ ሲለው ጎረቤት ያለው ሱቅ ሄዶ ውሃ ሊገዛ አይችልም፤ ጎረቤቱ ባሕር ነው። በመሐል አዲስ አበባ አምስት ኮከብ ሆቴል ያደረ ሰው ማታ ወጥቶ ጥግ ላይ ካለች ቤት ሽሮ ሊበላ ይችላል፤ እዚያ ግን ሽሮ ቤቷ ያለችበት ደሴት በሕግ ዝግ ነበረች።

ክልከላው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሕዝቡ ከ1153 ጀምሮ ሙስሊም ነው፤ ደሴቶቹ ጠባብ ናቸው፤ አንድ ሰካራም ፈረንጅ ሙሉ መንደር ሊበጠብጥ ይችላል። ቦርሳ አንግተው ይመጡ የነበሩት ሂፒዎች ሐሺሽም ያስፈራ ነበር። ነገር ግን ደሴት የሚያከራየው መንግሥት፣ የሚከራዩት ጥቂት ባለሀብቶች ሲሆኑ፣ ባህልን መጠበቅ የሚለው ቃል የአንዳንዶችን ገበያ ጭምር ሲጠብቅ ኖሯል። ከሪዞርቱ ማዶ ያለው ዓሣ አጥማጅ በሌሊት የሚያበራውን መብራት ከሩቅ ያያል፤ ልጁ እዚያ አስተናጋጅ ሆኖ ሊቀጠር ይችላል፤ አንድ ክፍል አጽድቶ ለእንግዳ ማከራየት ግን ወንጀል ነበር። ይህ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ።

ነገሩን ያናጋው ከቱሪዝም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ክስተት ነው። ከማሌ በስተደቡብ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ማፉሺ፣ በአገሪቱ ዘንድ የምትታወቀው በእስር ቤቷ ነበር። በመስከረም 2003 ኢቫን ናሲም የተባለ የ19 ዓመት እስረኛ በጠባቂዎች ተደብድቦ ሞተ። እስረኞቹ ሲነሡ ጠባቂዎቹ ተኮሱ፤ ተጨማሪ ሰው ሞተ። እናቱ የልጇ አስከሬን ሳይታይ አይቀበርም አለች፤ ገላው ላይ ያለውን ያየ ሁሉ ተቆጣ፤ ማሌ ውስጥ መንግሥታዊ ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ከ1978 ጀምሮ የገዙት ማሙን አብዱል ጋዩም ፓርቲዎችን ለመፍቀድ ተገደዱ፤ በ2008 በተደረገው የመጀመሪያ የብዙ ፓርቲ ምርጫም በመሐመድ ናሺድ ተሸነፉ። በመሐሉ፣ በታኅሣሥ 2004፣ ሱናሚው መጥቶ ከመቶ በላይ ሰው ገድሎና የደረሱበት እንዳይታወቅ አድርጎ፣ ኢኮኖሚውንም ደቁሶ ሄዷል።

የናሺድ መንግሥት ሥልጣን በያዘ በዓመቱ፣ በ2009፣ ነዋሪዎች በደሴቶቻቸው ላይ እንግዳ ማሳደር ይችላሉ ተባለ። የሪዞርት ባለቤቶች የአገሪቱ ስም ይረክሳል አሉ፤ የሃይማኖት ሰዎች ኃጢአት መንደር ይገባል አሉ። ከመጀመሪያዎቹ ከፋቾች መካከል ማፉሺ ነበረች። በ2010 አንዲት አነስተኛ ማረፊያ ተከፈተች፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደርዘን ተቆጠሩ። እስር ቤቱ አልተነሣም፤ ዛሬም በደሴቲቱ አንድ ጫፍ አለ።

ማፉሺ ርዝመቷ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ወርዷን ለማቋረጥ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አውራ መንገዷ አሸዋ ነው። በአንደኛው ዳርቻ አጥር ታጥሮ "የቢኪኒ ዳርቻ" የሚል ሰሌዳ ተተክሏል፤ ከአጥሩ ወዲያ የዋና ልብስ ይፈቀዳል፣ ከአጥሩ ወዲህ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ኢብን ባቱታ ያልተሳካለትን አጥሩ በመጠኑ አሳክቶታል። አልኮል ደሴቲቱ ላይ ክልክል ነው፤ ሕጉ የሚናገረው ግን ስለ የብስ ነውና ከዳርቻው ፈንጠር ብላ መልሕቅ የጣለች መርከብ ቡና ቤት ሆና ታገለግላለች፣ ማታ ማታም ትንንሽ ጀልባዎች ጠጪ ያመላልሳሉ። ይህ ብልሃት ለአንዳንዱ ግብዝነት ነው። ለሌላው ደግሞ መንደሩም እንግዳውም ሳይጣሉ የሚያድሩበት ዘዴ ነው፤ ጠቡ እስካሁን አለመነሣቱን ያየ ሰው ወደ ሁለተኛው ማዘንበሉ አይቀርም።

ሌሎች ደሴቶችም ተከተሉ። ቱሉስዱ ቀዛፊዎችን ትስባለች፤ ከባሕር በተጣራ ውሃ ኮካ ኮላ የተጠመቀባት ደሴትም እሷ ናት። ቶዱ ሐብሐብና ፓፓያ አብቃይ ናት። ዲጉራ አጠገብ የዓሣ ነባሪ የሚያህል ሻርክ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። የጎብኚው ቁጥር በ2013 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ፣ በ2024 ሁለት ሚሊዮን ተሻገረ፤ ከሕዝቡ አራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ስም ይረክሳል የተባለው አልሆነም። ውዱ እንግዳ ወደ ውዱ ደሴት መሄዱን አልተወም።

ይህ ታሪክ ገንዘብ አዋጥቶ ለመሄድ ለሚመክር ቡድን ብዙ ነገር ያስረዳዋል። ወጪው የሚወሰነው በየትኛው ዓይነት ደሴት ላይ እንደሚያድር ነው፤ አሸዋውና ውሃው ያው ነው። ከማሌ ወደ ማፉሺ የሚሄደው የሕዝብ ጀልባ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅና ጥቂት ዶላር ብቻ ያስከፍላል፤ አርብ ግን አይሠራም። ፈጣኑ ጀልባ በግማሽ ሰዓት ከፍ ቢል በሦስት ሩብ ሰዓት ያደርሳል፤ ለአንድ ሰው ከ20 እስከ 25 ዶላር ነው። ወደ ሩቅ ሪዞርት የሚወስደው ባሕር ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን በመቶዎች ዶላር ያስከፍላል፤ ሲመሽም ስለማይበር ማታ የደረሰ መንገደኛ ከተማ ውስጥ ለማደር ይገደዳል። ዓሣ ለማጥመድ ወይም ባሕር መሐል ወዳለ የአሸዋ ክምር ለመሄድ ጀልባ በሙሉ ሲከራዩ፣ ስምንት ሆኖ መከራየትና ሁለት ሆኖ መከራየት ለነፍስ ወከፍ ድርሻው ሰማይና ምድር ነው።

ገንዘብ ያዥ የሆነው ሰው ግን የተጻፈውን ዋጋ አይመን። 60 ዶላር የተባለ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 17 በመቶ የደረሰው የቱሪዝም ታክስ ሲጨመርበት 77 ዶላር ይሆናል። በዚያ ላይ ከ2025 መባቻ ጀምሮ እስከ 50 ክፍል ባሏቸው ማረፊያዎች እያንዳንዱ ሰው በየሌሊቱ 6 ዶላር "አረንጓዴ ታክስ" ይከፍላል፤ በሪዞርቶች 12 ነው። ሁለት ሰው የሚያድርበት ያ የ60 ዶላር ክፍል እንግዲህ 89 ዶላር ገባ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብና ነፋስ ስላለ ዋጋ ይወርዳል፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ፀሐይ ነው፣ ሁሉም ይመጣል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ለመንገድ ብሎ አረቄ የቋጠረ ካለ ኤርፖርት ላይ ይወሰድበትና ሲመለስ በደረሰኝ ይረከባል።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ አንድ ያልተለመደ ነገር አለ፦ የቪዛ ወረፋ የለም። ማልዲቭስ ለአብዛኛው አገር ዜጋ ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ በነጻ ትሰጣለች። የሚጠየቀው የመመለሻ ቲኬት፣ የማረፊያ ማረጋገጫና ከጉዞው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ ያለ ዘመድ ቀጥታ በረራ ስላለው እዚያው ሊገናኛችሁ ይችላል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ግን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከመድረሻው ቀን ቢያንስ ዐሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ስለዚህ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የሁሉንም ሰው ካርድ ሰብስባችሁ ተመልከቱ።